ያልታጠበው ብርድ ልብስ

አባቴ ያበደ ጊዜ የፊት ጥርሴ እየተነቃነቀ ነበር። ሁለቱንም ለማንም አልተናገርኩም። ጥርሱን ያልተናገርኩት እማዬ በክር አስራ እንዳትነቅልብኝ ነው፤ የአባዬን ያልተናገርኩት ደግሞ መኪና መጥቶ እንዳይወስድብኝ።

መኪናውን ከሕልሜ አላመጣሁትም። ሰፈራችን ውስጥ «ሹፌሩ» የምንለው ሰው ነበር። መኪና አልነበረውም፤ መሪ ግን ነበረው፣ ያውም ለእሱ ብቻ የሚታይ። ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ፣ በአፉ ሞተር እያስነሳ፣ መታጠፊያው ላይ ጥሩምባ እየነፋ ከላይኛው መንገድ እስከ ታችኛው ይነዳል። ልጆች ሲሻገሩ ቆሞ ያሳልፋል። ዳገቱ ላይ ሲደርስ ማርሽ ይቀንሳል። ከዚያ ወዲህ ብዙ አሽከርካሪ አይቻለሁ፤ እንደሱ በሥርዓት የሚነዳ ግን አላጋጠመኝም። አንድ ቀን ነጭ መኪና መጣ። ዘመዶቹ ወረዱና «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» እያሉ አባብለው ከኋላ ወንበር አስገቡት። መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። ይህን ሁሉ በአጥራችን ሽቦ መሃል ሆኜ አይቻለሁ። መኪናው ሄደ፣ ሹፌሩም አልተመለሰም።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ተነስቼ በመስኮት ወደ ጓሮ ባይ፣ አባዬ በሌሊት ልብሱ ጓሮው መሃል ቆሟል። ዓይኑን ጨፍኗል። ቀኝ እጁን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን ወደ መሬት አድርጎታል፤ የሆነ ትንሽ ነገር እጁ ጀርባ ላይ አስቀምጦ እንዳይወድቅበት የሚጠነቀቅ ይመስላል። ከዚያ መራመድ ጀመረ። እጁ ቀና ሲል እሱም በእግሩ ጣቶች ይቆማል፤ እጁ ሲያጋድል ወገቡም አብሮ ያጋድላል። ቀስ ብሎ መዳፉን ወደ ሰማይ ገለበጠው። «ግፋ፤» አለ ለራሱ። «ግፋ፣ ግፋ፣ አትሳብ።» ክንዱ ተንቀጠቀጠ። እጁ ወደ መሬት ወረደ፣ እሱም ተከትሎት በጉልበቱ ተንበረከከና፣ «ሳብከው፣ አንተ ደንቆሮ!» ብሎ ራሱን ሰደበ።

ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።

ሹፌሩ እንኳ የያዘው መሪ እንደሆነ ይታወቅ ነበር። የእኔ አባት ምን እንደያዘ ማን ይወቅ!

አባዬ ክሬን ኦፕሬተር ነበር። ከተማው መሃል በሚሠራው ፎቅ ላይ ቆሞ ከየትም የሚታየው ያ ረጅም ቢጫ ክሬን የእሱ ነበር። የእሱ ነበር ስል፣ ጫፉ ላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ተቀምጦ፣ ሁለት ዘንግ በሁለት እጁ ይዞ፣ ብረቱንና ብሎኬቱን ወደ ላይ የሚያወጣው እሱ ነበር ማለቴ ነው። ለክፍል ጓደኞቼ ግን ባጭሩ «የአባዬ ነው» ብዬ ነበር የነገርኳቸው። ያመኑኝም ነበሩ።

በዚያ ሰሞን ሥራ አይሄድም ነበር። ስጠይቅ «እረፍት ላይ ነው» ተባልኩ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። እረፍት ላይ ያለ ሰው የሚስቅ፣ ልጁን ይዞ የሚዞር መስሎኝ ነበር። አባዬ ግን ምሳ ሲቀርብለት ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፍና፣ ሰው ረስቷቸው የሄደ እጆች ይመስል ዝም ብሎ ያያቸዋል።

አክስቴ፣ የእማዬ ታላቅ፣ ስትመጣ ደግሞ በር ተዘግቶ ይወራል። በራችን ግን ለመዘጋት እንጂ ድምፅ ለመከልከል የተሠራ አልነበረም።

«እጁ ላይ ምንም የለም ብለዋል ሐኪሙ፤» አለች እማዬ። «ነገሩ ያለው እዚህ ነው።»

ባላያትም ጣቷ ጭንቅላቷ ላይ እንዳረፈ አውቄዋለሁ።

«እና እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው?»

«ጎረቤታችን ‹ለእኔ ተዉት፣ እኔ አወጣዋለሁ› ይላል።»

«ያ ጥርስ ሠሪ? በምን ሊያወጣው?»

«በዚያች በአውሮፕላኑ።»

«ኧረ ጉድ ነው! አንዱ አልበቃ ብሎሽ ሁለት ሆኑልሽ በይኛ!»

አክስቴ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። እኔም ከበሩ ጀርባ ጥርሴን በምላሴ እየገፋሁ አልሳቅኩም።

አውሮፕላኗንማ አውቃታለሁ። ግን አባዬ እጅ ላይ አውሮፕላን አልነበረም። ሹፌሩስ እጅ ላይ መኪና ነበር?

ያኔ የተዘጋብኝን በር ዛሬ ከፍቼ ብገባ የምሰማው ነገር እንዲህ ነበር። ነፋስ የበዛበት ቀን ነው። አባዬ የብረት ቧንቧ አንጠልጥሎ ሳለ ሸክሙ መወዛወዝ ጀመረ። የሚወዛወዝ ሸክም ቀጥ አድርገው አያቆሙትም፤ ክሬኑን እሱ በሄደበት አስከትለው ነው የሚያበርዱት። አባዬ ይህን እንደ ስሙ ያውቃል። በዚያች ቅጽበት ግን እጁ ደነገጠና ዘንጉን ስቦ ክሬኑን ቀጥ አደረገው። ክሬኑ ሲቆም ቧንቧው ብሶበት ተወረወረ። ታች ቆሞ በእጁና በፉጨቱ ምልክት የሚሰጠው የሥራ ጓደኛው ከቆመበት መወጣጫ ዘለለ። ስሙን የሚጠራው አልነበረም፤ ሁሉም «ፉጨት» ነበር የሚለው። ነፍሱ ተረፈች፣ ትከሻው ተሰበረ። አባዬ ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት መሰላሉን ወጣ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ ሁለቱን ዘንግ ያዘ። እጁ አልታዘዝ አለው። ወረደ። «እረፍቱ» ይህ ነው።

ጥርስ ሠሪው ግድግዳ የሚያዋስነን ጎረቤታችን ነበር። ሥራው ጥርስ ለሌላቸው ሰዎች ጥርስ መሥራት ነው። ክፍሉ ሰው ሲገባ ዙሪያውን ከመደርደሪያው ላይ የጀሶ መንጋጋዎች ይስቁበታል። ከሳቁ መሃል፣ ከጣሪያው ላይ፣ በሽቦ የተንጠለጠለችው ያቺ አውሮፕላን ናት። ክንፏ ከእኔ ክንዶች ይረዝማል። በሬዲዮ መቆጣጠሪያ ከመሬት ሆኖ ነው የሚያበራት። በወደቀች ቁጥር ሌላ ማጣበቂያ ስለሌለው ወይም ስለማይገዛ፣ ሰው ሠራሽ ድድ በሚሠራበት በዚያ ሮዝ ነገር ይጠግናታል። አፍንጫዋ ሮዝ፣ የክንፏ ሥር ሮዝ፣ ጭራዋ ሮዝ። ስሟ «ድድ» ነበር። አባዬ ከእሱ ጋር መዋል ከጀመረ ወዲህ ድዷ በየቀኑ እየጨመረ፣ እንጨቷ እየቀነሰ ሄደ።

«የወተት ጥርስ መጣች!» አለ ስገባ። እንዲህ ነበር የሚጠራኝ። «እስቲ አፍሽን ክፈቺ።»

«አልከፍትም።»

«ይነቃነቃል አይደል? ካረማመድሽ ያስታውቃል።»

«ጋሼ፣ ለእማዬ እንዳይነግሩብኝ!»

«እኔ? የስንቱን አዛውንት ሚስጥር አፍ ውስጥ ደብቄ የኖርኩ ሰው!» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። የድድን አፍንጫ በጉልበቱ መሃል ይዞ ይሞርዳል። «ዛሬም አባትሽ አፍንጫዋን መሬት ውስጥ ቀበረው፤ ድንች ሊተክልባት መሰለኝ። ማሳው ግን ሜዳ ነው፣ አይበቅልም።»

ወንበር ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ። እግሬን እያወዛወዝኩ፣ ግድ እንደሌለው ሰው ሆኜ፣

«ጋሼ፣ ሹፌሩን ለምን ወሰዱት?» አልኩ።

«ሰው ስላየው ነዋ።»

«ሰው ባያየውስ ኖሮ?»

«ጓሮው ውስጥ ቢነዳማ ማን ይነካው ነበር! መንገድ ላይ ነዳ፣ ሰው አየ፣ ወሬ ሆነ፣ ወሬው ዘመድ ጋ ደረሰ፣ መኪና መጣ።» ሞረዱን አነሳና በድድ አፍንጫ ላይ የተረፈውን ዱቄት እፍ አለው። «እኔም ብሆን ይቺን ይዤ መንገድ ለመንገድ ብሮጥ እስካሁን ወስደውኝ ነበር።»

እሱ ይስቃል፤ መንጋጋዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን ቤት ሄጄ አጥራችንን አየሁት። ሽቦ ነው። የጎን መንገዱ በሙሉ ወደ ጓሯችን ያያል። ተማሪ ያልፋል፣ ሠራተኛ ያልፋል፣ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ማሽኗን በሯ ላይ አውጥታ ቀኑን ሙሉ ትሰፋለች፤ ዓይኗ ግን ከመርፌው ይልቅ መንገዱን ነው የሚከተለው። አባቴን እስካሁን ያላየችው ጠዋት ጠዋት ስለምታረፍድ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከአባዬ ቀድሜ ተነሳሁ። ከቁም ሣጥኑ ታች ያለውን ወፍራሙን ብርድ ልብስ እየጎተትኩ ወደ ጓሮ ወጣሁ። የልብስ ገመዳችን ከአጥሩ ትይዩ ነው። ባልዲ ገልብጬ ቆምኩበት፤ ብርድ ልብሱ ከእኔ ይከብዳል፤ አንዱን ጫፍ ስሰቅል ሌላው ይወርዳል። በመጨረሻ ገመዱ እንደ ሆድ ረገበና ያዘ። ስጨርስ አባዬ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አለቃዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?» ሁልጊዜ ስለማዘው አለቃዬ ነበር የሚለኝ።

«ብርድ ልብስ እያሰጣሁ።»

«ጎበዝ።» ሌላ አልጠየቀም። ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ዘረጋ፣ መራመድ ጀመረ። እኔ ባልዲው ላይ ተቀምጬ በብርድ ልብሱ ጠርዝ መንገዱን ጠበቅኩ።

እማዬ ግን እንደሱ በቀላሉ አላለፈችኝም።

«ይሄን ማን አጠበው?»

«እኔ።»

ዳሰሰችው። «ደረቅ ነው እኮ።»

«ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው።»

ብርድ ልብሱን አየች። ከኋላው እየተንበረከከ የሚነሳውን አባዬን አየች። አጥሩን አየች። ከዚያ እኔን ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ጥሩ አደረግሽ» ብላ ገባች። በማግስቱ ከብርድ ልብሱ ጎን አንሶላ ተሰቅሎ አገኘሁ። እማዬ ልብስ ያጠበች ቀን ከእኔ ሥራ ጋር የገጠመልኝ መሰለኝና በዕድሌ ተደሰትኩ። በኋላማ የምንተኛበት ሁሉ ቀን ቀን ገመድ ላይ የሚውል ሆነ። ዛሬ እማዬ አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ ይህን ሳነሳባት ትቆጣለች። «ያንቺ አንድ ብርድ ልብስ መች መንገዱን ሸፈነና! አንሶላውን ማን ጨመረልሽ? የአልጋ ልብሱንስ? ባሌ ለሰው ወሬ ይሁን ብዬ ልቀመጥ?» ትለኛለች። በእናትና በልጅ መሃል አንድ የልብስ ገመድ ነበር፤ ሁለታችንም ከየጫፉ ስንሰቅል ሳንተያይ ኖርን።

መቼም መሸፈኛ ራሱ ይታያል። ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ላይ ቀና ብላ አንድ ቀን ጠራችኝ።

«ነይ እስቲ! እናንተ ቤት በየቀኑ አንሶላ የሚሰጣው ለምንድን ነው? አልጋ ላይ የሚሸና ሰው አለ እንዴ?»

ምን ልበል? አባቴ አብዷል ልበል?

«እኔ ነኝ፤» አልኩ።

«አንቺ? ይሄን የምታክይ ልጅ?»

«አዎ። በየቀኑ ነው የምሸናው።»

ወሬው እሷ ጋ ብዙ አያድርም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሜ ተቀይሮ ጠበቀኝ፤ አዲሱን ስሜን እዚህ አልጽፈውም። እያለቀስኩ መጣሁ፣ ፊቴን ታጥቤ ገባሁ፣ በማግስቱም ብርድ ልብሱን ሰቀልኩ።

ይባስ ብሎ አንድ ጠዋት ጥርስ ሠሪው ራሱ ጓሯችን ውስጥ አለ። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ገልብጠው በአንድነት ይራመዳሉ። «አሁን ጀርባዋ ላይ ናት፤» ይላል ጥርስ ሠሪው። «አፍንጫዋ ወደ መሬት ሊወርድብህ ነው። እጅህ ምን ይልሃል?»

«ሳብ ይለኛል።»

«አትስማው። ግፋ!»

አንድ ሰው ሲያብድ ያሳዝናል፤ ሁለት ሆነው ሲያብዱ ግን ያስፈራል። ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ስዞር እማዬ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እናቴን እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም ነበር። ስታለቅስ እንዳልነበረም የነገረችኝ እኔ ራሴ ካገባሁ በኋላ ነው። «ከአደጋው ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው፤ አንዱ የአንዱን እግር ረግጦ ሁለቱም ‹ይቅርታ› ሲሉ፣ ዓይናቸውን እኮ አልገለጡም!» አለችኝ።

የሚራመዱበትም ምክንያት ነበረው። አውሮፕላን ቀጥ ብላ ስትበር ዘንጉን ወደራስህ ስትስበው አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች። በጀርባዋ ተገልብጣ ስትበር ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል፤ የሳብክ እንደሆን አፍንጫዋን መሬት ውስጥ ትቀብራለህ። መሬት ሲቀርብ የሰው እጅ ሁሉ መሳብ ነው የሚያምረው። ጥርስ ሠሪው የአባዬን ታሪክ ሲሰማ፣ «አንተ ያለብህ እኮ የድንጋጤ መሳብ ነው፤ ለሱ መድኃኒቱ በጀርባዋ ማብረር ነው» አለው። ይህን የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ሜዳ ከመውጣታቸው በፊት እጃቸውን አውሮፕላን አድርገው በእግራቸው ያጠኑታል አሉ። እኔ ይህን በምን ልወቅ? እኔ የማውቀው ሹፌሩን ብቻ ነው።

ከዚያ መኪናው መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ነጭ ፒካፕ አጥራችን ሥር ቆመ። አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ፣ ቀጭን፣ ከንፈሩ ሁልጊዜ ለፉጨት የተዘጋጀ የሚመስል ሰው ወረደ። ፉጨት እሱ እንደሆነ አላወቅኩም። እኔ ያወቅኩት መኪናውን ነው። ነጭ ነው።

በር ላይ ቆመው ተነጋገሩ። እኔ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ነበርኩ።

«ፎርማኑ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው ላወጣበት ነው ይላል፤» አለ ፉጨት። «እኔ ደግሞ በሌላ ሰው መንጠቆ ሥር አልቆምም ብዬዋለሁ። እንግዲህ ወይ ትመለሳለህ፣ ወይ ሁለታችንም ቤት እንቀመጣለን።»

«በእኔ መንጠቆ ሥር ቆመህ ምን እንዳተረፍክ አይተናል።»

«ትከሻዬን የሰበረው ዝላዬ ነው። ዝላይ ድሮም አልችልም፤ ሚስቴን ጠይቃት።»

አባዬ አልሳቀም። እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «እጄን አላምነውም፤» አለ። «አንተ ሥሩ ቆመህ እንደገና ቢስብስ?»

ይሄኔ ጥርስ ሠሪው በአጥሩ በኩል ብቅ አለ። ጆሮው ድሮም እኛ ቤት ነበር። «ክርክሩን ተዉት! ሜዳ እንውጣና ይታይ። ዛሬ ዝቅ ብለህ በጀርባዋ ታሳልፋታለህ። ከሆነልህ ሰኞ ትወጣለህ። ካልሆነልህ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

«አንተ አፍህን ልትዘጋ?» አለች እማዬ ከውስጥ። «እንግዲያውስ ልምጣና ልይ!»

የአባዬን ጃኬት አምጥታ አለበሰችው። ጥርስ ሠሪው ትከሻውን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው፤ ዝቅ ባለ ድምፅም «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» አለው።

ቃል በቃል። ሹፌሩን እንዳሉት ቃል በቃል።

ከብርድ ልብሱ ሥር ወጥቼ ሮጥኩ። የፒካፑን ጎን ይዤ ተንጠላጠልኩና ከኋላ፣ ጥርስ ሠሪው ቀድሞ ከጫናቸው ከድድ ክንፎች መሃል ወደቅኩ። «እሱን ከወሰዳችሁት እኔንም ውሰዱኝ!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «ማን ከለከለሽ?» አለ ጥርስ ሠሪው። «ክንፏን ብቻ እንዳትረግጪ።»

ከዚያ ያልጠበቅኩት ነገር ሆነ። ፉጨት ትከሻውን አሸት አሸት አደረገና፣ «መሪው ይከብደኛል፣ አንተ ንዳ» ብሎ ቁልፉን ለአባዬ ወረወረለት። አባዬ በአንድ እጁ ቀለበው። መሪውን ይዞ ነዳ። መንገዱን ሁሉ በኋለኛው መስኮት ጀርባውን እያየሁ አሰብኩ፤ የሚወሰድ ሰው ራሱ ይነዳል እንዴ? ጥርሴን በምላሴ መግፋቴንም አቆምኩ።

ሜዳው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነበር፣ ሣሩ የደረቀ ሰፊ ቦታ። ድድን ገጣጠሟት። ሞተሯ ሲነሳ የተቆጣ ንብ ሆነች፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። አባዬ መቆጣጠሪያውን አንገቱ ላይ አነገተ፤ ብዙ ቁልፍ ያለበት ሣጥን ነው፣ መሃሉ ላይ ሁለት አጫጭር ዘንጎች። አውራ ጣቶቹን አሳረፈባቸው። ድድ ሣሩ ላይ ተንደረደረችና ተነሳች።

ስትበር አይቻት አላውቅም ነበር። ሮዙ ሁሉ ጠፍቶ ሰማዩ ላይ ጥቁር መስመር ሆነች። ወደ ላይ ወጥታ ትልቅ ቀለበት ሠርታ ወረደች። በራሷ ዙሪያ ተሽከረከረች። እማዬ «ውይ!» አለች። እኔ ግን አባዬን ነበር የማየው። ክንፏ ሲያጋድል ወገቡ ያጋድላል። ቀና ስትል በእግሩ ጣቶች ይቆማል። እርምጃውን አውቀዋለሁ። በየጠዋቱ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ያጠናሁት ነው። በእጁ ጀርባ ላይ ሳትታይ የነበረችው ያቺ ትንሽ ነገር እሷ ነበረች!

«አሁን ጀርባ፤» አለ ጥርስ ሠሪው። «ዝቅ አድርገህ።»

«መጀመሪያ ከፍ ብዬ ልሞክራት።»

«ከፍ ብለህ ከቻልካት ሰንብተሃል። እጅህ የሚፈራው መሬት ነው።»

አባዬ ከንፈሩን ነከሰ። ድድን ሜዳው ጫፍ አድርሶ አዞራት። ያን ጊዜ ፉጨት ከመሃላችን ወጥቶ ወደፊት ሄደ፣ ሄደና ሜዳው መሃል ቆመ። ፊቱን ወደ አባዬ አዞረ፤ ጀርባውን ለአውሮፕላኗ ሰጠ።

«ከዚያ ውጣ!» ጮኸ አባዬ።

«የቆምኩት ሥራ ቦታዬ ላይ ነው!» አለ ፉጨት። «አንተም ሥራህን ሥራ!» ጤነኛ እጁንም ወደ ላይ አነሳ፤ ታች ሆኖ ሸክም ሲያስወጣ እንደሚያደርገው። ከዚያ አንድ ረጅም ፉጨት አፏጨ።

ድድ ተገለበጠች። ሮዝ ሆዷ ወደ ሰማይ ዞረ። ዝቅ ብላ መጣች፤ አፍንጫዋ ወደ መሬት፣ ወደ ፉጨት ጀርባ መውረድ ጀመረ። የአባዬ ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ያው ጓሮ ውስጥ ያየሁት መንቀጥቀጥ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣው መንበርከክ ነበር። እማዬ ዓይኗን ሸፈነች።

«ግፋ!» ብዬ ጮህኩ። የምጮኸው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቃሉን ግን በየጠዋቱ ሰምቼዋለሁ። «አባዬ፣ ግፋ! አትሳብ!»

አውራ ጣቱ ወደፊት ሄደ።

አፍንጫዋ ቀና አለ። በጀርባዋ እንደተኛች ከፉጨት ራስ በላይ አለፈች፤ ባርኔጣው ከነፋሷ ተነስቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። እሷ ሽቅብ ወጣች፣ ወጣች፣ ተገልብጣም ቀጥ አለች። ፉጨት እጁን አላወረደም፣ ወደኋላም አልዞረም።

«አልፋለች?» አለ። «ዞር ልበል?»

«ገፋሁት!» አለ አባዬ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «አያችሁ? ገፋሁት እኮ!»

እማዬ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጥርስ ሠሪው ልቡን ይዞ፣ «እዚህ ጋ ትንሽ ድድ መለጠፍ አለብኝ» አለ። ድድ ስታርፍ አንድ እግሯን ሜዳው ላይ ትታ በሆዷ ተንሸራተተች፤ ማንም ግድ አልነበረውም። እኔ አፌ ውስጥ አንድ ትንሽ ጠጠር አገኘሁ። መዳፌ ላይ ስተፋው ጥርሴ ነው።

ወደ አባዬ ሮጥኩና ሱሪውን ያዝኩ።

«አባዬ፣ አላበድክም ማለት ነው?»

ሳቁ ቆመ። አባዬ ሣጥኑን ከአንገቱ አውርዶ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ማን ነው አብዷል ያለሽ?»

«ማንም። ጓሮ ውስጥ አይቼህ ነው። እንደ ሹፌሩ እንዳይወስዱህ ብዬ እኮ ነው የሸፈንኩህ።»

«ሸፈንኩህ?» አለ። «ብርድ ልብሱን ለዚህ ነው የምትሰቅይው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

«አንሶላውስ? ልብስ ሰፊዋ ልጅሽ አልጋ ላይ ትሸናለች ብላ ለእናትሽ ነግራታለች።»

«እሱን የዋሸሁት አንተን እንዳታውቅብህ ነው። አንድ ቀንም አልሸናሁም!»

አባዬ እማዬን አየ። እማዬ ወደ ጡብ ፋብሪካው ዞራ ጭሱን ታያለች። አባዬ ግንባሩን ግንባሬ ላይ አደረገ፤ ይስቅ ይሁን ያልቅስ አላወቅኩም፣ ፊቱ በጣም ቀርቦኝ ነበር።

«እኔ ደግሞ፣» አለ፣ «በእኔ ጭንቀት የታመምሽ መስሎኝ። ልጄ በእኔ ምክንያት ማታ ማታ ትሸናለች፣ ቶሎ መዳን አለብኝ እያልኩ ነው እኮ በየጠዋቱ ጉልበቴን የላጥኩት!»

ጥርስ ሠሪው ጥርሴን ከመዳፌ አንስቶ በፀሐይ አየው። «ንጹሕ ሥራ ነው፤» አለ። «እኔ እንኳ እንዲህ አልሠራም።»

ቤት ስንደርስ እማዬ ገመዱን ለማራገፍ ሄደች። አንሶላውን አነሳች፣ የአልጋ ልብሱን አነሳች። ወፍራሙ ብርድ ልብስ ላይ ስትደርስ አባዬ «እሱን ተይው» አላት። ለካ ዓይኑን ጨፍኖ ሲመላለስ አጥር ላይ እንዳይጋጭ ፊቱን ሲነካው የሚዞረው በእሱ ኖሯል። በማግስቱ ብቻውን ተሰቅሎ ዋለ። የቀረው ጓሮ ግን ከመንገዱ ወለል ብሎ ይታይ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ማሽኗን አቁማ አባዬ በእጁ ሲበር አየችውና፣ «ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እያጠና ነው፤» አልኳት።

ሹፌሩም ቢሆን ጠፍቶ አልቀረም። የወሰደችው እህቱ ኖራለች፤ ሌላ ሰፈር ሰፊ ግቢ ያላት፣ የምትወደው እህት። ከጊዜ በኋላ የድሮ ሰፈሩን ልታሳየው ይዛው መጣች፤ ወፍሮ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። መንገዱን ስሻገር እንደ ድሮው ቆሞ አሳለፈኝ።

ያኔ ግን፣ ከሜዳው በኋላ ባለው ሰኞ ጠዋት፣ ነጩ መኪና እንደገና አጥራችን ሥር መጣ። አባዬን ወሰደው። እኔ በጥርሴ ክፍተት ለማፏጨት እየሞከርኩ በሽቦው መሃል እስኪታጠፍ ድረስ አየሁት።

ማታ መልሶ አመጣው።